በጾም ወራት ምን እንብላ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጾም ምግብ ነው። ስለ ጾም ሥርዓት የሚያስተምሩ አባቶች አሉ። እኛ የምንናገረው ስለ ገበታው ነው።

በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ጾም ሲገባ በየቤቱ የሚሰማ ንግግር አለ። «ደግሞ ሽሮ ሊመጣ ነው!» ይባላል። ልጆች ያኮርፋሉ። አባወራው ሳይጠግብ ከገበታ ይነሣል። የቤቱ እመቤት ትሳቀቃለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እስቲ ቀኑን እንቁጠረው።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። የሐዋርያት ጾም አለ። የነነዌ 3 ቀን አለ። ረቡዕና ዓርብም አሉ። ሁሉም ሲደመር ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። ይህ ማለት የዓመቱ ግማሽ ነው። ግማሹን ዓመት ገበታውን እየጠላ የሚኖር ሰው የሥራ ጉልበት ከየት ያመጣል? የማይጾመውም ቤት ቢሆን ሥጋ በየቀኑ አይገዛም። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። የጾም ምግብ የድህነት ምግብ አይደለም። በሌላው ዓለም ጾም ሳይኖርባቸው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የተዉ ብዙ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የእኛን የጾም በያይነቱ ገንዘባቸውን ከፍለው ይበሉታል። ታዲያ የሰው አገር ሰው የሚመኘውን እኛ ለምን እንሰለቸዋለን? የምንሰለቸው አንዱን ብቻ ስለምንደጋግመው ነው።

ምግብ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ኃይልና ሙቀት ሰጪ ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ድንችና ዘይት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው አካል ገንቢ ነው፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ናቸው። ሦስተኛው በሽታ ተከላካይ ነው፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ፍራፍሬ ናቸው። ከሦስቱም በየቀኑ ገበታ ላይ መገኘት አለበት።

እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጤፍ ብቻውን ሰውነትን በደንብ አይገነባም። ባቄላም ብቻውን እንደዚያው ነው። እንጀራ በምስር ወጥ ሲበላ ግን ሁለቱ ተረዳድተው ሥጋ የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ብቻ መብላት ግን ሆድን ይሞላል እንጂ አካልን አይገነባም።

አሁን ወደ ጣዕሙ እንምጣ። አንዱ ጥራጥሬ ስንት ምግብ ይወጣዋል? ሽምብራን እንይ። እሸቱ ይበላል። ቆሎ ይሆናል። ንፍሮ ይሆናል። ሽሮ ይሆናል። ዱቄቱ ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ በዘይት ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይባላል፤ ልጆች ይሻሙበታል። ባቄላም እንዲሁ እሸት፣ ቆሎ፣ ንፍሮና አሹቅ ይሆናል። ምስር በቀይ ወጥም በአልጫም ይሠራል። ተቀቅሎ፣ ትንሽ ተፈጭቶ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ሰናፍጭ ሲጨመርበት ደግሞ አዚፋ ነው፤ ቀዝቅዞ ይበላል፤ ማገዶም አይፈጅም።

ስልጆን የረሳነው ይመስላል። የሱፍ ውሃ ይፈላል። የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰ ይማሰላል። ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ለጥቂት ቀን ይቦካል። አንድ ጊዜ ከተሠራ ለብዙ ቀን ገበታ ማጣፈጫ ይሆናል። የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍትም አሉ። እነዚህ የቅባት እህሎች ቅቤ በሌለበት ወራት የቅቤን ቦታ ይይዛሉ።

እንግዲህ ሳምንቱን እንዲህ ልናደርገው እንችላለን። ሰኞ ክክ አልጫና ጎመን። ማክሰኞ ምስር ወጥና ቀይ ሥር በድንች። ረቡዕ ሽሮና የቃሪያ ስንግ። ሐሙስ ዱባ ወጥና ስልጆ። ዓርብ የሱፍ ፍትፍትና የባቄላ ንፍሮ። ቅዳሜ አዚፋና ጥቅል ጎመን በካሮት። እሑድ የሽምብራ ዓሣ። ሽሮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲመጣ እሱም ይናፈቃል።

«ይህ ሁሉ ብር ይፈልጋል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የእርሻው መሬት እየጠበበ ሄዷል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ትናንት ከጎተራው ይዝቅ የነበረ ዛሬ በጣሳ የሚገዛ አለ። ይሁን እንጂ ብዙ ዓይነት ማለት ብዙ ገንዘብ ማለት አይደለም። የአንድ ዓይነት አራት ጣሳ ከመግዛት፣ ከአራት ዓይነት አንድ አንድ ጣሳ መግዛት ይቻላል። ከሰበታ ወዲያ ያለው የበቾ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። የሱሉልታ ደጋ ገብስ ይሰጣል። በጓሮ ደግሞ ጥቂት መደብ ጎመን አይጠፋም። ጥራጥሬውን በሙሉ ሸጦ ለልጆች ደረቅ እንጀራ ማቅረብ ግን ትርፍ አይደለም።

አሠራሩንም እንወቅበት። ጎመን ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ብዙ አይቀቀል፤ ውሃውም አይደፋ። ጥቂት ዘይት ይግባበት፤ ለዓይን የሚጠቅመው ነገር ያለ ቅባት ከሰውነት ጋር በደንብ አይዋሐድም። ዳፍንት የሚይዘው ይህ ሲጎድል ነው። በምስርና በባቄላ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ ይጨመር፤ ደም የሚሆነውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ይከለክላሉ። ስለዚህ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ብንጠጣ ይሻላል።

ስለ ጓያ በብርቱ እናስጠነቅቃለን። ጓያ ርካሽ ነው። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር አዘውትሮ የበላው ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል። ከሰለለ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በጎንደር በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው ጎድቷል። አንዳንዶች በእንፋሎቱ ወይም በማሳው ውስጥ በማለፍ ይይዛል ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። የሚጎዳው ሲበላ ነው። የተፈጨ ሽሮ ጓያ ሊደባለቅበት ስለሚችል፣ ጥራጥሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ ራስ ማስፈጨት ይመረጣል።

የጾም ምግብ የማይሰጠውም ነገር አለ። ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነገር በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ ነው። ስለዚህ በፍስክ ቀን ጥቂት ወተት ወይም እንቁላል ማግኘት ይገባል። ዓመቱን በሙሉ እነዚህን የማይቀምስ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

በተለይ ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባ እናትን፣ ሕፃናትንና በሽተኛን እናስብ። ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የደም ኪኒን ትውሰድ። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ ሥርዓቱ ለደካማ የሚራራበት መንገድ አለው። በብዙ ቤት እናት የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ የተረፈውን ነው። ወጡ አልቆ እንጀራውን በድስት ጥራጊ የምታነሣ እናት ጥቂት አይደለችም። ደም የሚያንሳትም እሷን ነው። ይህ ልማድ ይቅር። እናትም ከልጆቿ ጋር ከገበታ ትቅረብ።

ገበታውን ማብዛትም የእሷ ሥራ ብቻ አይደለም። ባል የጓሮውን መደብ ይቆፍር። ልጆች ጎመኑን ያጠጡ፤ ምስሩን ይልቀሙ። ፊደል ያወቀ ሰው የሳምንቱን ምግብ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ገበያ ሲወጣም የሚገዛውን ጽፎ ይያዝ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለእንዲህ ያለ ሥራ ጭምር ነው።

ጎመን በጤና ይላሉ አባቶቻችን። እኛም እንጨምርበት፤ ጎመኑ ምስርና ሎሚ ይኑረው፤ በልቶ የሚያድረውም ቤተሰብ በሙሉ ይሁን።