ጎማ፣ ስፖንጅና እንጨት

ማኅተም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቢሮ ነው፤ «ማኅተም ያዧ ስብሰባ ናት፣ ከሰዓት ተመለሱ» የሚባልበት መስኮት። የዛሬው ወጋችን ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ስለሚመቱት ማኅተም ነው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የስጦታ መጠቅለያ ስለሚያስጌጥበት የጎማ ማኅተም።

የዚህ ዕቃ ታሪክ በጥርስ ሐኪሞች በኩል ያልፋል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጥሬ ጎማ በሙቀት ይላቁጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ እንደሚጠነክርና እንደሚለጠጥ ደረሰበት። የጥርስ ሐኪሞችም ለሰው ሠራሽ ጥርስ መያዣ የሚሆነውን ጎማ የሚያበስሉበት ትንሽ ድስት ነበራቸው። ከቀደምቶቹ ማኅተም ሠሪዎች ብዙዎቹ ሥራ የጀመሩት በዚሁ ድስት ነው።

ማኅተም ሲመታ የሥዕሉ ግማሽ ከጠፋ ሰው ቶሎ የሚረግመው ቀለሙን ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ከጎማው ጀርባ ፈልጉ እላለሁ። የተቀረጸው ጎማ ስስ ነው። በቀጥታ እንጨት ላይ ከተለጠፈ፣ ጠረጴዛው ትንሽ ጎርበጥ ያለ እንደሆነ አንዱ ጥግ ወረቀቱን ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ በመካከል ስስ ስፖንጅ ይገባል፤ እሱ ሰመጥ እያለ ግፊቱን ለሁሉም ያዳርሳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ካጣችሁ፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ በምላጭ ተሰንጥቆ ያገለግላል።

ጎማውን ስትከረክሙ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ፤ መቀሱን ግን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጉት፣ ከሥሩ ሰፋ እንዲል። ወደ ውስጥ የተቆረጠ እንደሆነ ዳር ያለው ቀጭን መስመር ድጋፍ ያጣና ሲጫኑት ይታጠፋል። ሰፊ ጠርዝ ከተዋችሁለት ደግሞ ቀለም እየነካ ያላዘዛችሁትን መስመር ያትምላችኋል። ማስቲሹን በሚጋጠሙት በሁለቱም ገጾች ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ታገሡና ግጠሟቸው። አንዴ ከተጋጠሙ መመለስ የለም! በእንጨቱ ጀርባ ላይ ያንኑ ሥዕል ብታትሙበት ደግሞ ላይና ታቹን ለማወቅ አትቸገሩም።

ሙጫ የማይፈልግም አለ፦ በግልጽ አክሪሊክ ላይ ራሱ የሚጣበቀው ግልጹ ማኅተም። የት እንደሚያርፍ አሻግሮ ስለሚያሳይ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ስትመቱ ማኅተሙን ወደ ቀለሙ ከመድፈቅ ይልቅ የቀለሙን ስፖንጅ በማኅተሙ ላይ መታ መታ አድርጉት። ከወረቀቱ ሥር ደብተር አንጥፉ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። እያወዛወዙ መጫን የቢሮ ልማድ ነው፤ ሥዕል ያደበዝዛል። ስትጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቤንዚን አታስነኩት፣ ጎማ ያሳብጣል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል።

ጎማ የሚቀርጽ ሰው በአቅራቢያችሁ ከሌለ ላጲስ ይበቃል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ፈለጋችሁ እንበል። በለስላሳ እርሳስ ወረቀት ላይ ሳሉና ወረቀቱን ላጲሱ ላይ ደፍታችሁ በጥፍር እሹት። ሥዕሉ ተገልብጦ ይሰፍራል፣ ሲታተም ይቃናል፤ ፊደልም ቢሆን እንዲሁ። ከዚያ በሥዕሉ ዙሪያ ያለውን በምላጭ ማንሣት ነው። ልጆች የሚስሉትን ይሳሉ፣ ምላጩን ግን ትልቅ ሰው ይያዝ። ቅጠሎቹን በቢጫ ከመታችሁ በኋላ ለመሐሉ ሌላ መቅረጽ አያሻም፤ በእርሳሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ላጲስ ብርቱካናማ ቀለም አስነክታችሁ ምቱበት።