በሐይቅና በረግረግ መካከል ያለው የውኃ መንገድ

(በጉለሌ፣ በእርዳታና በሰፈራ ሥራ ለተሠማሩ ባለሥልጣኖችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉለሌ የእንጦጦ ግርጌ ነው። በዚህ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በደቡብ ገጹ የወደቀው በጉለሌ ጅረቶች በኩል ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ በመጨረሻ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜን የወደቀው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። በተራራ ላይ የውኃ መለያው በዓይን ይታያል። ሐይቅና ረግረግ በተጎራበቱበት ሜዳ ላይ ግን የውኃው መንገድ ስውር ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ስውር መንገድና ከሰማይ ሆኖ ስለሚገልጠው መሣሪያ፣ ማለትም ስለ ራዳር ሳተላይት ነው።

እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ የውኃ ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ ያህል ወገኖቻችን በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ሲጓዙ፣ ብዙዎቹ የሰፈራ ቦታዎች የተመረጡት በችኮላ ነበር። በችኮላ የተመረጠ ቦታ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው ሠፋሪው እንጂ መራጩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በበጋ ለም ሜዳ መስሎ የሚታይ መሬት በክረምት የውኃ ማደሪያ ሊሆን ይችላልና።

ለምሳሌ የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በዚህ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። የጣና ወለል በሰኔ ዝቅ ብሎ በመስከረም ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ይህ ከፍታ ሰፊ መሬት ያጥለቀልቃል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ከወንዝና ከሐይቅ ጋር የሚገናኙት በዚህ ጊዜ ነው። አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው በዚሁ ውኃ ነው፤ ገበሬውም ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። እንግዲህ ሐይቁና ረግረጉ አንድ ጓዳ የሚካፈሉ ቤተሰቦች ናቸው። ይሁን እንጂ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ይኸው ውኃ ከልኩ አልፎ በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። ጎርፍን ለመከላከል የሚሠራው የአፈር ክትር ቤትን ቢያድንም፣ ወንዙን ከረግረጉ ሲለይ ዓሣውንና ግጦሹን ያደርቃል። ስለሆነም ከመገደባችን በፊት ውኃው በየት እንደሚያልፍ ማወቅ ግዴታችን ነው።

በዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር፣ ውኃው በሚበዛበት ወር ሰማዩ በደመና መሸፈኑ ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት፣ መረጃዋም በእንጦጦ ጣቢያ ይቀበል የነበረው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን በፀሐይ ብርሃን የምታይ ስለነበረች ደመናን ማለፍ አትችልም ነበር። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል፤ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። የረጋ ውኃ እንደ መስተዋት ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ደንገል ወይም ዛፍ በቆመበት ውኃ ላይ ግን ሞገዱ መጀመሪያ ውኃውን፣ ቀጥሎ ግንዱን መትቶ ወደ ሳተላይቱ ስለሚመለስ ቦታው ደምቆ ይታያል። በዕፅዋት ሥር የተደበቀው ውኃም በዚህ ይጋለጣል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥበብ አለ። ሳተላይቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት በአንድ መሥመር ሲያልፍ የላካቸው ሞገዶች ሲነጻጸሩ፣ በዕፅዋቱ መካከል ያለው ውኃ ስንት ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይታወቃል። በ1987 ዓ.ም. ከአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሡ የራዳር ምስሎች ይህ ዘዴ በአማዞን የጎርፍ ሜዳ ላይ ተረጋግጧል። የሐይቁ ገላጣ ወለል ደግሞ ከፍታ በሚለካ ሌላ ራዳር ይለካል። ሁለቱ ተያይተው ሐይቁ ሲሞላ ረግረጉም ተከትሎ ከሞላ፣ መገናኘታቸውን የሚጠቁም ነው። የውኃው ለውጥ በአንድ መሥመር ላይ ድንገት ከተቋረጠ ግን በዚያ መንገድ ወይም ክትር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

መሣሪያው ግን ፍጹም አይደለም። ነፋስ ያናወጠው ውኃ መሬት ሊመስል፣ ለስላሳ ደረቅ ጭቃም ውኃ ሊመስል ይችላል። በጣና ላይ የተንሰራፋው እንቦጭም ገላጣውን ውኃ ሸፍኖ ተመልካቹን ያሳስታል። ራዳር ከመሬት በታች የሚሄደውንም ውኃ አያይም። በመሆኑም በመሬት ላይ የሚተከል የውኃ መለኪያ ዘንግና የነዋሪው ምስክርነት መቼም አይተኩም።

የድርቁንም ወገን አንርሳ። የዝዋይ ሐይቅ ትርፍ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይወርዳል። አቢያታ መውጫ የሌለው ጥልቀት የለሽ ሐይቅ በመሆኑ፣ ከላይ ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ሲበዛ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ፣ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ዓሣው በመመናመኑም በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ይብራዎች መመገቢያቸውን አጡ። ከላይ ያለው ተጠቃሚ የታችኛውን ሳያይ ሲቀዳ የሚደርሰው ጉዳት ይኸው ነው።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሦስት ተግባሮች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የሰፈራ ወይም የመጠለያ ቦታ ስንመርጥ በአንድ የበጋ ጉብኝት አንወሰን፤ የብዙ ክረምቶችን የራዳር ምስል እንይ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ የኅዋ ድርጅት የሴንቲኔል አንድ ምስሎችን ለማንም በነፃ ሲያድል ቆይቷልና ገንዘብ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ክትር ወይም መንገድ ከመሥራታችን በፊት በግራና በቀኙ ያለው ውኃ የሚገናኝ መሆኑን እንመርምር፤ የሚገናኝም ከሆነ ማሳለፊያ እንተውለት። ሦስተኛ፣ ምስሉን ይዘን ወደ አገሬው ሽማግሌዎች እንሂድ፤ ራዳሩ ያላየውን እነርሱ ያውቃሉ፣ እነርሱ የረሱትንም ራዳሩ መዝግቦታል።

ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው በአዲሱ ሥፍራው ዳግመኛ በውኃ እንዳይፈናቀል ማድረግ ከዕለት እርዳታ የማያንስ ሥራ ነው። የእህሉን ጆንያ እንደምንቆጥር ሁሉ የውኃውንም መንገድ አስቀድመን እንወቅ።