«ብቻዬን ልሂድ ወይ?» ሲሉን
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ጡረታ ከወጡ ታካሚዎች፣ ከራሳችን ታላላቆችም ጭምር፣ አንድ ጥያቄ እንሰማለን፦ «ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አሁን ብቻዬን አገር ማየት አማረኝ። ልሂድ ወይ?» አሜሪካ ለምንሠራው ደግሞ ጥያቄው አንዳንዴ ስም አለው፤ ሩት 66።

እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው ይህ አውራ ጎዳና ከቺካጎ ተነስቶ፣ 8 ግዛቶችን አቋርጦ፣ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ያበቃል። ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው። ፈጣን መንገዶች ሲተኩት በ1985 ከአውራ ጎዳናዎች መዝገብ ተሰረዘ። እንግዲህ መንገዱ ራሱ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው! ግን ብዙው ክፍል ዛሬም ይነዳል፤ አልጋና ማድ ቤት ባለው መኪና፣ አርቪ በሚሉት፣ ጡረተኞች ይጓዙበታል።

ፈቅደውልኝ ነው የማወራው፤ ነርስ ሆነው ጡረታ የወጡ አንዲት ታካሚዬ ይህንን አሰቡ። ግፊትና ስኳር አለባቸው፤ ሁለቱም በቁጥጥር ሥር ናቸው። ልጆቻቸው ምን አሉ? «እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? ልጆቹንስ ማን ይጠብቃል?» እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ቢቀርብዎ ይሻላል» ማለት ለሐኪም ቀላል ነው፤ ማንም አይወቅሰንም። ግን እሱ ራስን መጠበቅ እንጂ ሕክምና አይደለም። የእኛ ሥራ አደጋውን በስሙ ጠርቶ፣ የሚቀነሰውን መቀነስ ነው።

ምን መሰላችሁ፣ አብዛኛው የሚቀነስ ነው። ቺካጎ ከባሕር ወለል 180 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር፣ አዲስ አበባን የሚጠጋ። ልብና ሳንባው የደከመ ሰው ይሰማዋል። ከዚያ ወርዶ ሞሃቬ በረሃ ሲገባ፣ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሽንት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ኢንሱሊንም ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ጸደይ ወይም መስከረም ይመረጥ፤ መድኃኒቱም ፍሪጅ ውስጥ ይጓዝ። የእኛ ሰዎች መንገድ ሲሄዱ የሽንት ኪኒኑን ይዘሉታል አይደል? አርቪ ውስጥ ግን ሽንት ቤቱ አብሮ ስለሚሄድ ምክንያት የለም!

በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መራመድ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ጄኔሬተር ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ይፈተሽ፤ ጋዙ ሽታ የለውም። ዓይን ሳይመረመር ማታ አይነዳ። ሜዲኬር ያለው ሰውም ዓይነቱን ይጠይቅ፦ መደበኛው በየግዛቱ ሜዲኬር በሚቀበል ሐኪም ዘንድ ይሠራል፤ በግል መድን በኩል የሚሰጠው ግን ከድንገተኛ ሕክምና ውጭ ብዙ ጊዜ በአካባቢ የታጠረ ነው።

እኚህ እናት ይህንን ሁሉ ጽፈው ወሰዱ። ሄዱም። በየማታው 3 ሰዓት ላይ ለልጃቸው ይደውሉ ነበር፤ ካልደወሉ ማን ምን እንደሚያደርግም ቀድመው ተስማምተዋል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህ ከመድኃኒቱ እኩል ነው።

ለሁሉም እንዲህ አልልም። የሚጥል በሽታው ያልተረጋጋ፣ መርሳት የጀመረው ሰው አይነዳም፤ ያንን በግልጽ መናገርም ግዴታችን ነው። ግን ዕድሜ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ሴት መሆንም፣ አያት መሆንም እንደዚያው።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ «ምን ያምዎታል?» ብለው መጠየቅን ከእናንተ ይማራሉ፤ እኛም ተምረናል። «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» የሚለውንም ጨምሩላቸው። እኛ ምሩቃን ደግሞ በየግዛቱ ተበትነናል፤ መንገደኛ ታላላቆቻችን ሲያልፉ የሚደውሉልን ስልክ ቁጥራችንን በማኅበሩ በኩል እናስመዝግብ።