በምድረ በዳ ዐፈር ውስጥ ስለሚኖር ሻጋታ



ሻጋታ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በከረመ እንጀራ ላይ የሚታየውን ነው፤ እርጥበት በሌለበት ስፍራም የሚኖር አይመስለውም። ነገር ግን ዝናም በሚያንስበት፥ ፀሓይ ድንጋዩን በሚያግልበት በበረሓ ዐፈር እንኳ ልዩ ልዩ የሻጋታ ወገን ይኖራል። ከነዚህም የአንዱ ታሪክ እነሆ።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1892 ዓመት፥ በአርጀንቲና አገር በቦነስ አይረስ ከተማ፥ አሌሃንድሮ ፖሳዳስ የሚባል የሕክምና ተማሪ ቈዳው በቍስል የተበላ አንድ ወታደር አየ። ከቍስሉም ጥቂት ወስዶ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት ክብ ክብ የሆኑ ደቃቅ ነገሮች አገኘ፤ ከእንስሳ ወገን የሆኑ ፍጥረቶችም መሰሉት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይኸው ደዌ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ታየ። በ1896 ዓመት ሪክስፎርድና ጊልክሪስት የተባሉ ሐኪሞች ኮክሲዲዮይደስ ኢሚቲስ የሚለውን ስም ሰጡት፤ ኢሚቲስ ማለት በላቲን ቋንቋ የማይራራ ማለት ነው።

እነዚህ ሐኪሞች ከበሽተኛው የወሰዱትን ሥጋ በብርጭቆ ዕቃ ሲያኖሩት ሻጋታ ይበቅልበት ነበር። እነርሱ ግን ከውጭ የገባ ብልሽት ነው ብለው ናቁት። በ1900 ዓመት ኦፊውልስና ሞፊት የሚባሉ ሐኪሞች ያ የተናቀው ሻጋታ ራሱ የደዌው ምክንያት መሆኑን አስረዱ። በሥጋ ውስጥ ክብ፥ ከሥጋ ውጭ ግን ክር መስሎ ይኖራልና ሰውን ያሳተው ይህ ነው። ለሊቃውንትም ቢሆን የናቁትን ነገር መልሶ መመርመር እንዴት ይከብዳል!

ማደሪያው ዐፈር መሆኑ የተረጋገጠው በ1932 ዓመት፥ በካሊፎርኒያ በዴላኖ አጠገብ ከተወሰደ ዐፈር በተገኘ ጊዜ ነው። ዝናም ሲዘንም ክሩ በዐፈሩ ውስጥ ይዘረጋል፤ ድርቅ ሲሆን ደርቆ ይሰባበራል፤ ስባሪውም ዐይን ከማያየው አቧራ ጋር በነፋስ ይነሣል። ሰው ሲተነፍሰው በሳንባው ውስጥ ያብጥና እንደ ሮማን ፍሬ ውስጡ በዘር ይመላል፤ ሲፈነዳም ዘሩ ሁሉ እንደ ገና ያድጋል። ብዙዎች ሳይታመሙ ወይም ጥቂት ስለው ይድናሉ፤ አንዳንዶቹን ግን ይገድላል። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ አይተላለፍም። የሳን ዋኪን ሸለቆ ሕዝብ የሸለቆ ትኩሳት ይለው የነበረው በሽታ የዚሁ ሻጋታ ሥራ መሆኑም በ1930ዎቹ ዓመቶች ታወቀ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያው ሸለቆ በአውሮፕላን ማረፊያዎች የነበሩ ብዙ ወታደሮች ታመሙ። ሐኪሙ ቻርልስ ስሚዝም አቧራ እንዳይነሣ በሜዳው ሣር እንዲተከል፥ መንገዱም እንዲነጠፍ መከረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚታመሙት ቍጥር እጅግ ቀነሰ። መድኀኒት ሳይገኝለት ሣር ይህን ያህል መርዳቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ነፋስን ማን ይከለክለዋል? በ1977 ዓመት በዲሴምበር ወር የተነሣ ዐውሎ ነፋስ የዚያን ሸለቆ ትቢያ እስከ ሳክራሜንቶ ከተማ ወስዶ፥ ሸለቆውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎችን አሳመመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሻጋታው አንድ ወገን ብቻ ይመስል ነበር። በ2002 ዓመት ግን ሊቃውንት የዘር ምልክት የተጻፈበትን ዲ ኤን ኤ የሚባለውን ነገር ከብዙ አገር ሰብስበው ቢያመዛዝኑ፥ በዐይን የማይለያዩ ሁለት ወገኖች ሆነው ተገኙ። የካሊፎርኒያው የቀድሞ ስሙን ያዘ። በአሪዞና፥ በቴክሳስ፥ በሜክሲኮና በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ግን ኮክሲዲዮይደስ ፖሳዳሲ ተባለ፤ ይኸውም ፖሳዳስ በ1902 ከሞተ በመቶኛው ዓመት ነው።