ለገና ያረጀ ቤታችንን በትንሽ ወጪ እናሳምር

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ በጾመ ነቢያት መጀመሪያ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ለገና ቤት ስለ ማሳመር ነው። «ራሽን በተቀነሰበት፣ ሰው የሚበላውን በሚቆጥርበት ጊዜ ስለ ጌጥ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። ነገር ግን ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከየቤታችን ገንዘብ ይወጣል፣ ዕዳ ይገባል፣ አንዳንዴም እሳት ይነሣል። እኛ ዝም ብንል ጌጡ አይቀርም፤ የሚቀጥለው ጉዳቱ ነው። ስለሆነም በግልጽ መነጋገሩን መርጠናል።

እንደምታውቁት ይህ ካምፕ የተቋቋመው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ዛሬ ከምንኖርባቸው ቤቶች ብዙዎቹን የሠራናቸው እኛ አይደለንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ጡብ መትተው፣ ጭቃ አቡክተው ሠርተዋቸው፣ የሰፈራ ዕድል ሲያገኙ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ሄደዋል። እኛ ያለንበትም ቤት እንደዚሁ ከሌላ ቤተሰብ የተረከብነው ነው። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል፣ በጣራው ሥር የተወጠረው ፕላስቲክ ሸራ ፀሐይ አድርቆት ሲነኩት ይበጣጠሳል። እንዲህ ያለውን ቤት በምን እናሳምረው ነው ጥያቄው።

በመጀመሪያ የሠራነውን ስሕተት እንንገራችሁ። ቤቱን በተረከብን በሁለተኛው ዓመት ልጆቻችን ገበያ ላይ የሚያብለጨልጭ ወረቀትና ባለ ቀለም ኳስ አይተው ለመኑን። እኛም ልባችን አልቻለም። ከራሽኑ ዱቄትና ዘይት ሸጠን፣ የጎደለውን በዱቤ ወስደን፣ በድምሩ 1,800 ሽልንግ አወጣን። በዓሉ አለፈ። ወረቀቱን የቱርካና ነፋስ በሳምንቱ ቀደደው፤ ዕዳው ግን እስከ መጋቢት ድረስ አብሮን ከረመ። ጥር ላይ ልጆቹ በቀን አንድ ጊዜ ሲበሉ፣ የተሸጠው ዱቄት የነሱ እንደነበረ ገባን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ደንብ አለ፤ ለጌጥ ተብሎ ከሚበላ ነገር አይሸጥም፣ ዱቤም አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለአሮጌ ቤት የመጀመሪያው ጌጥ ጥገና ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ወረቀት ቢሰቅሉበት ስንጥቁ ይሸፈን እንደሆነ እንጂ አይድንም። አሁን የኅዳር አጋማሽ ነው፤ እስከ በዓሉ ከአርባ ቀን በላይ አለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግድግዳውን በመጥረጊያ እንጥረግ፤ ምስጥ የሠራውን የአፈር መንገድ እንፋቅ፤ የተበላ ምሰሶ ካለ በዓሉን ሳንጠብቅ እንለውጥ። ከዚያ እንምረግ።

ስለ ምርጊቱ አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። እዚህ ያለው ፀሐይ ጭቃውን በአንድ ቀን ስለሚያደርቀው ወዲያው ይሰነጠቃል። ለዚህም መድኃኒቱ በጭቃው ላይ አሸዋ መጨመርና ማሰሪያ የሚሆን ነገር ማግባት ነው። አገር ቤት ጭድ ነበር፤ እዚህ ደረቅ ሣር ወይም ከአሮጌ ጆንያ የተመዘዘ ቃጫ ይበቃል። ጭቃው ሁለትና ሦስት ቀን ከታሸ በኋላ ግድግዳውን በውኃ አርጥቦ ስስ አድርጎ መለሰን፣ በጠዋት ወይም ፀሐይ ሲበርድ መሥራት፣ በላዩም ርጥብ ጆንያ ማልበስ ይጠቅማል። ውኃ እንዳይባክን የልብስ ማጠቢያውን ውኃ እንጠቀምበት፤ ለጭቃ ምንም አይለውም።

ምርጊቱ በደንብ ሲደርቅ ነጭ ኖራ እንቀባለን። ኖራው እንደ ወተት እስኪቀጥን ተበጥብጦ አንድ እፍኝ ጨው ይገባበታል፤ ጨው እንዳይረግፍ ይረዳዋል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አሳስቶ በየመካከሉ አንድ ቀን ማድረቅ ይሻላል። ኖራ ግን ዓይን ያጠፋል፣ እጅም ይልጣል፤ ልጆች እንዳይነኩት፣ የሚቀባውም ሰው እጁን በፕላስቲክ ይሸፍን። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ነጭ የተቀባ ክፍል በአንዲት መብራት እንኳ ይፈካል። ከማንኛውም የገበያ ጌጥ ይበልጣል።

አገር ቤት ግድግዳን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ የመለጠፍ ልማድ እንደነበረን የምታስታውሱ አላችሁ። እዚህ ግን አንመክርም። ሙጫው በረሮና አይጥ ይጠራል፣ ወረቀቱን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ቢነሣ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ማገዶ ነው።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። ጎረቤቶቻችን ደቡብ ሱዳናውያን፣ ኮንጎውያንና የአገሩ ሰዎች ልደትን የሚያከብሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በመካከሉ አሥራ ሦስት ቀን አለ። ይህችን አሥራ ሦስት ቀን እንጠቀምባት። የነሱ በዓል ካለፈ በኋላ ብዙ ጌጥ ይወርዳል፣ ይጣላልም። ባለፉት ዓመታት እኛ ከኮንጎያዊቷ ጎረቤታችን የወረቀት ሰንሰለቷን ተውሰን፣ ከበዓላችን በኋላ አጥፈን መልሰናል። እሷም በፈንታዋ ለበዓሏ የቡና ስኒዎቻችንን ትወስዳለች። ገንዘብ አልወጣም፤ መቀራረቡ ግን ጨምሯል።

የራሳችሁን ለመሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ እነሆ። ሰንሰለቱ ያለቀ ደብተር ወረቀት በጣት ስፋት ተቆርጦ፣ ቀለበት በቀለበት ተያይዞ ይሠራል። ቀለም ቢያስፈልግ እርድ በውኃ በጥብጦ መንከር ቢጫ ያወጣል፤ የተቀቀለ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ደግሞ ቡናማ ይሰጣል። ኮከቡ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይቆረጣል፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ትልቅ ሰው ይቁረጠው፣ ጠርዙንም በድንጋይ ይሞርደው። ከጣሳ ፋኖስ መሥራትም ይቻላል። ጣሳው እንዳይጨማደድ ርጥብ አሸዋ ሞልቶ ጠቅጥቆ በምስማር መብሳት፣ አሸዋውን መድፋት፣ ከውስጡ ትንሿን የሶላር መብራት ማስቀመጥ ነው። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ከዋክብት ይዘራል። ተማሪዎቻችን ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርተውታል።

የጽድ ዛፍ በዚህ በረሃ የለም። ከካምፑ ውጪ እየወጡ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ከቱርካና ወገኖቻችን ጋር ያጣላል፤ እነሱ ከዛፉ ጥላና የከብት መኖ የሚያገኙ ናቸው። ስለዚህ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ወስደን እሾሁን መልምለን፣ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ብንተክለው ይበቃል። ለቄጠማው ምትክ ከቱርካና ሴቶች የዘንባባ ቅጠል እንገዛለን። አንድ አባታችን ይህን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ዘንባባ የሆሳዕና ነው፤ ወራቱን አምታታችሁት» ብለው ስቀውብናል። ከዚያ ግን ቁጭ ብለው ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄደዋል።

ባለፈው ዓመት ቤታችን ያወጣው ይህ ነው፤ ኖራ 200 ሽልንግ፣ ዘንባባ 100፣ ምስማር 30፣ ክር 20፣ በድምሩ 350 ሽልንግ። ከ1,800 ጋር አስተያዩት።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆይተናል። እሱም እሳት ነው።

ቤቱን በያዝንበት በመጀመሪያው ገና፣ ከተማ ሳለን እንዳየነው፣ ቅርንጫፉን በረዶ እንዲመስል ጥጥ አለበስነው። በየቅርንጫፉ ላይም ጧፍ አበራን። የአምስት ዓመት ልጃችን ለማየት ቀረብ ስትል ቅርንጫፉን ነካችው። ጥጡ እንዴት እንደነደደ ልንነግራችሁ አንችልም፤ ዓይን እስኪጨፈን ያህል እንኳ አልቆየም። ከጥጡ ወደ ሸራው ወጣ፣ ሸራውም እየቀለጠ እንደ ዝናብ ይንጠባጠብ ጀመር። የጮኽነውን ሰምታ የመጣችው ያችው ኮንጎያዊት ጎረቤታችን ናት። የነከረችውን ልብስ ከነውኃው አንሥታ በእሳቱ ላይ ጣለችበት። ልጃችን ተረፈች። ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ ክንዷ ላይ አለ፤ ለምን እጅጌ ረጅም ልብስ እንደምትወድ የክፍል ጓደኞቿ ይጠይቋታል። በዚያን ቀን ነፋስ ቢኖር ኖሮ ከእኛ ቤት አልፎ በሰፈሩ ያሉትን ጣራዎች ሁሉ ይዞ በሄደ ነበር።

ስለዚህ እንለምናችኋለን። ጥጥ፣ ወረቀትና ደረቅ ቅጠል ባለበት አጠገብ ጧፍም ኩራዝም አይብራ። ጧፍ የግድ ከሆነ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ላይ ተተክሎ፣ ከሸራና ከመጋረጃ ርቆ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይብራ፤ ሰው ሲተኛም ይጥፋ። በበሩ አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ጀሪካን ውኃ ይቀመጥ። ጌጥ በር ላይ ተሰቅሎ መውጫ እንዳይዘጋ። የቡናውና የዕጣኑ ከሰል ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ የነበረውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሰው ቢቃጠል ቁስሉን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል እያፈሰሱ ማብረድና ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነው። ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ። እኛ በድንጋጤ የጥርስ ሳሙና ቀብተን ቁስሉን አባብሰነዋል።

አንድ ሐሳብ ደግሞ እናቅርብ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አሥር ቤት ሆነን ብንደራጅ አንድ ከረጢት ኖራ በጋራ ገዝተን፣ አንድ ቅዳሜ የአንዱን፣ በሌላው ቅዳሜ የሌላውን ቤት እየመረግን እስከ በዓሉ እንጨርሳለን። ከሁሉ በፊት ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን፣ ያለ ወላጅ የሚያድጉ ልጆችንና አራስ እናቶችን ቤት እናስቀድም። በዚህ የደቦ ሥራ ሙስሊም ወገኖቻችን አምና ከእኛ ጋር ጭቃ ረግጠዋል። የእነሱ ዒድ ሲደርስ ተራው የእኛ ነው።

በመጨረሻም ቤታችንን ስንመርግ የገጠመንን ነግረናችሁ እንሰናበት። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አገኘን። ከጎናቸው ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረትም አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ወላጆች የልጆቻቸውን ቁመት እየለኩ የጻፉት ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ካናዳ አድገው የራሳቸውን ቤት ይዘው ይሆናል። ጭቃውን በእጃችን ይዘን ትንሽ ቆምን። ከዚያ ያችን ቦታ ሳንመርጋት፣ ዙሪያዋን ብቻ ኖራ ቀባናት። ከጎኗ የእኛን ልጆች ቁመት መለካት ጀምረናል። አንድ ቀን እኛም ስንሄድ የሚረከበው ቤተሰብ ያገኘዋል።

ይህ ቤት አገራችን አይደለም፤ ልጆቻችን ግን ገናን የሚያስታውሱት በዚህ ቤት ነው። ሳይራቡ፣ ሳይቃጠሉ፣ በንጹሕ ግድግዳ ሥር ከጎረቤት ጋር ያስታውሱት።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ በጤና ያድርሰን።