መልሱ ከአንድ ሲበልጥ፦ ወሰን የለሽ መፍትሔ ስላላቸው መስመራዊ እኩልታዎች



ንግግሬን በስሕተት እጀምራለሁ፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን የአንዲት ተማሪን ትክክለኛ መልስ በቀይ ቀለም ሰርዣለሁ። ጥያቄው ቻይናዊው ዣንግ ቺውጂያን በ5ኛው ክፍለ ዘመን በመጽሐፉ ያሰፈረው የመቶ ዶሮዎች ጥያቄ ነበር። አንድ አውራ ዶሮ 5 ሳንቲም፣ አንድ ሴት ዶሮ 3 ሳንቲም፣ ሦስት ጫጩቶች 1 ሳንቲም ያወጣሉ። በ100 ሳንቲም 100 ዶሮ ለመግዛት ከየዓይነቱ ስንት ያስፈልጋል?

ያልታወቁት ቁጥሮች ሦስት፣ እኩልታዎቹ ግን ሁለት ናቸው፦

አ + ሴ + ጫ = 100
5አ + 3ሴ + ጫ/3 = 100

ሁለተኛውን በ3 አባዝተን የመጀመሪያውን ስንቀንስለት 14አ + 8ሴ = 200 እናገኛለን፤ ይህም ለ2 ሲካፈል 7አ + 4ሴ = 100 ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚያስተሳስር ሌላ እኩልታ ስለሌለ አንዱ ተለዋዋጭ ነፃ ነው። እኔ አውራውን ነፃ አድርጌ፦

ሴ = 25 − 7አ/4፣ ጫ = 75 + 3አ/4

ብዬ ነበር። ተማሪዋ ግን ጫጩቱን ነፃ አድርጋ፦

አ = 4ጫ/3 − 100፣ ሴ = 200 − 7ጫ/3

ብላ ጻፈች። ከእኔ ወረቀት ጋር ስላልተመሳሰለ ዜሮ ሰጠኋት።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ እስኪ ጫጩቶቹን 78 ያድርጓቸው» አለችኝ። በእርሷ ቀመር 4 አውራ፣ 18 ሴት ወጣ፤ በእኔም 4 አውራ ሳስገባ ያንኑ አገኘሁ። 81 ስናደርገው ደግሞ በሁለታችንም 8 እና 11 ሆነ። ሁለቱም ቀመሮች ቀጥታ መስመር ናቸው፤ በሁለት ነጥቦች የተገናኙ ቀጥታ መስመሮች ደግሞ አንድ ናቸው። ክርክሩ በዚያው አበቃ፤ ውጤቷንም አስተካከልሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ «ወሰን የለሽ» ማለት «ማንኛውም» ማለት አይደለም። አንዱን ቁጥር በነፃነት ከመረጥን ሌሎቹ ሁለቱ ወዲያውኑ ይወሰናሉ። ገበያው ደግሞ ተጨማሪ ገደብ ያበጃል፦ ግማሽ ዶሮ አይሸጥም፣ ከዜሮ በታችም አይገዛም። ስለዚህ አውራዎቹ 0፣ 4፣ 8 ወይም 12 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ ይኑር ካልን ሦስት መልሶች ይቀራሉ፤ ዣንግም የሰጠው እነዚህኑ ሦስቱን ነው። ግብፃዊው አቡ ካሚል ግን ስለ ወፎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ለአንዱ ተመሳሳይ ጥያቄ ከ2,600 በላይ መልሶችን ቆጥሯል።

ሁለተኛው ነገ መምህራን ለምትሆኑት ነው። የተማሪው መልስ ከእናንተ መልስ ጋር ባይመሳሰል፣ ከመሰረዛችሁ በፊት በእኩልታዎቹ ውስጥ ተክታችሁ ፈትኑት። ዳኛው እኩልታው እንጂ የመምህሩ ወረቀት አይደለም።