የቧንቧ ጥርስ ለምን ይሰበራል?

(በኤንጂነሪንግ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ ቧንቧ ከሌላው ጋር ስለሚጋጠምበት ጥምዝ ጥርስ። «ይህማ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ባለፈው ዓመት እንደዚሁ አስብ ነበር።

ነገሩን በነዳጅ ዘይት ጕድጓድ ላይ እንየው። ጕድጓዱ 3000 ሜትር ቢጠልቅ፥ የቁፋሮው ቧንቧ የሚቀጣጠለው 9 ሜትር ያህል ርዝመት ካላቸው ቁራጮች ስለ ሆነ፥ ከ300 የሚበልጥ መጋጠሚያ ይኖረዋል። ከነዚህ አንዱ ከተሰበረ ከበታቹ ያለው ሁሉ ጕድጓድ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። እርሱን ለማውጣት የሚደረገውን ሥራ ቆፋሪዎቹ «ዓሣ ማጥመድ» ይሉታል። ስሙ ያስቃል እንጂ ሥራው አያስቅም፤ ዓሣው እንቢ ካለ ጕድጓዱን ትቶ ወደ ጎን መቆፈር ይመጣል። በኦጋዴን ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በቁፋሮ ነውና ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ መጋጠሚያው ለምን ይሰበራል? ብዙዎቻችን «ጭነቱ ስለ በዛበት» እንላለን። ጭነቱን ለብረቱ ስፋት እናካፍላለን፤ ውጤቱ ከብረቱ ጥንካሬ ካነሰ «ይበቃል» ብለን እናሰምርበታለን። ነገር ግን ጕድጓድ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይወርድም። ጎበጥ ባለበት ቦታ የሚሽከረከር ቧንቧ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ አንዴ ይሳባል፥ አንዴ ይጨመቃል። በደቂቃ 100 ጊዜ ቢዞር በቀን 144,000 ጊዜ፥ በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቢመጣ የማይጎዳ ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስ ብረቱን ያደክመዋል። ይህንንም በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ኦጉስት ቮለር በባቡር ዘንጎች ላይ መርምሮ አሳይቷል። ድካሙ የሚጀምረውም ስል ማእዘን ካለበት፥ ማለት ከጥርሱ ሥር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በወርክሾፕ ልምምድ ለአንድ ዘንግ በቶርኖ ጥርስ አወጣሁለት። መቁረጫዬን በጣም አሹዬ ስለ ነበረ የጥርሱ ሥር እንደ ምላጭ ጠርዝ ስል ሆነ፤ ደስም አለኝ። ሒሳቤ «ሦስት እጥፍ ይበቃል» ይል ነበር። ዘንጉ እየጎበጠ ሲዞር ዋለና ከዳዶው አፍ ላይ፥ በመጀመሪያው ጥርስ ሥር ተቈረጠ። እኔም ብረቱን ሰደብሁ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ጥርሶች ጭነትን እኩል አይካፈሉም፤ በተራ ቡሎንና ዳዶ ላይ የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል። ሒሳቤ ግን ሁሉንም እኩል ሠራተኛ አድርጎ ቈጥሯቸው ነበር።

በቁፋሮ ቧንቧም ላይ ይኸው ደርሷል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የድሮው ጥርስ ሥሩ ጠፍጣፋ፥ ማእዘኑም ጠባብ ነበር። በኋላ የወጣው ሥሩን 0.038 ኢንች ራዲየስ ባለው ክብ ተካው፤ ይህ አንድ ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የጥርሱ ጎንና ዐናት ስላልተነካ፥ መጠናቸው አንድ ከሆነ፥ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይገጥማል። ያለውን ቧንቧ መጣል አላስፈለገም።

ትከሻውንም እንመልከት። ሾጣጣው ወንዴ ጫፍ ተጠምዝዞ ሴቴው ውስጥ ሲገባ ትከሻ ለትከሻ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ በኀይል ሲጠብቅ ወንዴው ይለጠጣል፥ ትከሻዎቹም ይጨመቃሉ። የቁፋሮውን ጭቃ እንዳይፈስ የሚያግደው ይህ ግጥሚያ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ትከሻው እስካልተላቀቀም ድረስ ከሚመላለሰው ጭነት ለወንዴው ጥርስ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የላላ መጋጠሚያ ቶሎ ይደክማል፤ ከልክ በላይ የጠበቀውም ወንዴውን ለጥጦ ያበላሸዋል። ለቁፋሮ ቧንቧ የሚመከረው ማጥበቂያ፥ ብረቱ ተለጥጦ ወደ ነበረበት የማይመለስበትን ልክ 60 በመቶ ያህል የሚያደርስ ነው። የሚቀባው ግራሶ እንኳ ሥራ አለው፤ ጥርሶቹ እንዳይጣበቁ የብረት ዱቄት ይቀላቀልበታል። ግራሶው ከተለወጠ ሰበቃው ይለወጣልና ያው ማጥበቂያ ሌላ ውጤት ይሰጣል።

እጅግ ያስገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። ከመሰርሰሪያው በላይ ያሉት ወፍራም ቧንቧዎች ግትር ስለ ሆኑ መጉበጡ በመጋጠሚያቸው ላይ ይበረታል። በወንዴው ሥር ከትከሻው አጠገብ፥ በሴቴውም ጓዳ፥ አቻ ያላገኙ ጥርሶች ይቀራሉ። ምንም አይሸከሙም፤ ስንጥቅ እንዲጀምርባቸው ብቻ ይጠቅማሉ። ስለዚህ መሐንዲሱ ቈርጦ ይጥላቸውና ቦታውን ለስላሳ ያደርገዋል። ብረት ተቀነሰ፥ የመጋጠሚያው ዕድሜ ግን ረዘመ። ምነው ብትሉ፥ ውጥረቱ በአንድ ስል ማእዘን መከማቸቱ ቀርቶ ሰፋ ባለ ቦታ ተዘረጋ። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ ላደገ ሰው ይህ አይዋጥም፤ እኔም ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያመንሁት።

የተሰበረው ዘንጌ ይኸው፥ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ከጥርሱ ሥር ተነሥተው እንደ ውሃ ሞገድ እየሰፉ የሚሄዱ መስመሮች ይታያሉ፤ ድካሙ ቀስ በቀስ የተጓዘባቸው ናቸው። በወዲያኛው ጠርዝ ያለው ሻካራው ቦታ በመጨረሻው ቅጽበት የተገነጠለው ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ልብ በሉ።